የቆየ ፊልም በዲስክ ስትገዙ፦ ዲቪዲ፣ ብሉሬይ ወይስ ፎርኬ?

አንድ የቆየ ፊልም በዲስክ ለመግዛት ስትነሱ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃችሁ አንድ እትም አይደለም። ዲቪዲው አለ። ከዓመታት በፊት የወጣ ብሉሬይ አለ። ሌላ አገር የታተመ ሌላ ብሉሬይም አለ። አሁን ደግሞ ፎርኬው (4K፣ የብሉሬይን አራት እጥፍ ፒክስል የሚይዘው ዲስክ) ወጥቷል፤ እሱም ተራውና በካርቶን ሣጥን የመጣው ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ፊልሙ ያው ነው። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ብዙ ሰው ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ይወስናል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥራቱም ትልቅ ይመስለዋል። አዲስ ፊልም ላይ ይህ ብዙም አያሳስትም። በ1950ዎቹ የተሠራ ክላሲክ ወይም በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የሰባዎቹ ከልት ፊልም (ጥቂት ግን ጽኑ አፍቃሪ ያለው) ላይ ግን በጣም ያሳስታል። እዚህ ወሳኙ ነገር ፊልሙ ከየትኛው ቅጂ ተነሥቶ ዲስክ ላይ እንደደረሰ ነው። በመሃል ማን ምን እንደነካካውም እንዲሁ። ከኔጋቲቭ ተጠንቅቆ የተሠራ ብሉሬይ በግዴለሽነት የተሠራ ፎርኬን ያስከነዳል። ስለዚህ መመዘኛውን እናስቀድም፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

መነሻ ቅጂው። ካሜራ ውስጥ ያለፈው ጥቅልል ኦሪጅናል ኔጋቲቭ ይባላል። ከሱ ኢንተርፖዘቲቭ የሚባል መካከለኛ ቅጂ ይወጣል። ከኢንተርፖዘቲቩ ሁለተኛ ኔጋቲቭ ይሠራል። ሲኒማ ቤት የሚላከው ፕሪንት የሚታተመው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ትንሽ ትንሽ ዝርዝር ይጠፋል፤ ጥላው ይደፈናል፤ ነጩ ይነድዳል። አንዱ ዲስክ «ከኦሪጅናል ካሜራ ኔጋቲቭ» ካለና ሌላው «ከ35 ሚሜ ፕሪንት» (ሚሜው የጥቅልሉ ስፋት ነው) ካለ፣ ሁለቱም ፎርኬ ቢሆኑ እንኳ እኩል አይደሉም። ጥሩ አሳታሚ ይህን መረጃ ከሽፋኑ ጀርባ ወይም ቡክሌቱ ላይ ይጽፈዋል። ዝም ካለ ጠርጥሩ።

ኔጋቲቩ ከጠፋ ደግሞ ያለውን መቀበል ነው። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» የ1927 ፊልም ነው። ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ የነበረው ክፍሉ በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ተገኘ፤ ወደ 25 ደቂቃ ይጠጋል። የተገኘው ግን ወደ 16 ሚሜ የተቀነሰ፣ ክፉኛ የተጫጫረ ቅጂ ነበር። በ2010 በቀረበው እድሳት ውስጥ እነዚያ ትዕይንቶች ሲደርሱ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ጭረቱ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ምስሉም ከጠርዙ ይጎድላል። የዲስክ ዓይነት ቢቀየር ይህ አይቀየርም። ይህን የምላችሁ ግን አትግዙት ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ፊልም ስትገዙ ከሥዕሉ ጥራት በፊት የእድሳቱን ሙሉነት እዩ።

ፊልሙ በምን እንደተቀረጸም ይጠየቅ። 35 ሚሜ ለፎርኬ የሚበቃ ዝርዝር አለው። 16 ሚሜ ላይ ብሉሬይ አብዛኛውን ነገር ያወጣዋል። በሰማንያዎቹ በቀጥታ በቪድዮ ካሴት የተቀረጹ ርካሽ አስፈሪ ፊልሞች ግን ውስጣቸው ያለው 480 ወይም 576 መስመር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር የለም።

ቅንጣቱ። ሰብሳቢዎች ግሬይን የሚሉት ነው። ፊልም ላይ ምስል የሚሠራው ከጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። ቅንጣቱ ምስሉ ላይ ያረፈ ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ እሱ ነው። አንዳንድ አሳታሚ ግን ምስሉን «ንጹሕ» ለማስመሰል በሶፍትዌር ያጠፋዋል። ቅንጣቱ ሲጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል።

ይህን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የአንድ ተዋናይ ፊት ቀርቦ የሚታይበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሙት። ግንባሩንና የፀጉሩን መነሻ እዩ። ጤነኛ ማስተር (ዲስኩ የሚታተምበት የተዘጋጀ ቅጂ) ላይ የቆዳው ቀዳዳ ይታያል፤ ፀጉሩም ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይለያል። የተበላሸው ላይ ግንባሩ ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ፀጉሩ አንድ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል፤ የሱፍ ኮቱ ሽመናም የለም። ከዚያ መልሳችሁ አጫውቱት። ቅንጣቱ በየፍሬሙ መንቀሳቀስ አለበት። ካሜራው ሲዞር ፊቱ ላይ ተጣብቆ የሚጎተት ነገር ካያችሁ ምስሉ ተነካክቷል። የ1987ቱ «ፕሬዳተር» በ2010 እንደገና በብሉሬይ ሲታተም የገጠመው ይኸው ነበር። ብዙ ሰብሳቢዎች አዲሱን ትተው የቀድሞውን ብሉሬይ መረጡ። አዲስ እትም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም።

ሙሉ ነው ወይ? ክላሲክ ላይም ከልት ላይም ይህን ሳታጣሩ አትክፈሉ። ብሪታንያ ውስጥ በ1937 የወጣ ሕግ ለቀረጻ ሲባል በእንስሳ ላይ ጭካኔ የተፈጸመበትን ትዕይንት ማሳየት ይከለክላል። ስለዚህ ፈረስ በገመድ ተጠልፎ የሚወድቅበት የቆየ ዌስተርን በብሪታንያ ዲስክ ላይ ጥቂት ሰከንድ ጎድሎት ሊመጣ ይችላል፤ የሌላ አገሩ ዲስክ ሙሉ ሆኖ ሳለ። እዚያው አገር በሰማንያዎቹ «ቪድዮ ናስቲ» በሚባለው የዐቃቤ ሕግ ዝርዝር በተለያየ ጊዜ 72 ፊልሞች ገብተው ነበር። ከነሱ ብዙዎቹ ዛሬ ሳይቆረጡ ይታተማሉ። የድሮው ዲቪዲያቸው ግን የተቆረጠው ሊሆን ይችላል።

ርዝመቱን ስታወዳድሩ አንድ ወጥመድ አለ። በአውሮፓው ፓል ሲስተም የተሠራ ዲቪዲ በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረውን ፊልም በ25 ያጫውተዋል። 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ያልቃል። ምንም አልተቆረጠም፤ ፈጥኖ ነው እንጂ። የተዋናዮቹ ድምፅ ግን በመጠኑ ይቀጥናል። ሙዚቃ የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል።

የፍሬሙ ቅርጽ። የ1940ዎቹ ፊልም ወደ ካሬ ይጠጋል፤ በጎንና በጎኑ ጥቁር ይተዋል። ስፋቱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ የሆነው ሰፊ ፊልም ከላይና ከታች ይተዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጉድለቱ ቲቪውን ለመሙላት ሲባል የተቆረጠው ላይ ነው።

ድምፁ። ብዙ ክላሲክ የተሠራው በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር ነው። በኋላ ከዙሪያ ወደሚሰማው 5.1 ሲቀየር አንዳንድ ጊዜ የተኩስና የመኪና ድምፅ በአዲስ ተተክቷል። ዋናው ሞኖ ያለበትን ምረጡ፤ ሁለቱም ካሉበት ደግሞ የተሻለ።

እናንተ ጋ ይጫወታል ወይ? ይህን እታች አማራጮቹ ላይ እመለስበታለሁ።

## ዲቪዲ

በ1996 ጃፓን ውስጥ ገበያ የወጣው ዲቪዲ 720 በ480 ወይም 720 በ576 ፒክስል ይይዛል። ዛሬ ባለ ትልቅ ቲቪ ላይ ድካሙ ይታያል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፊ ፊልሞች አንዳንዶቹ በካሬ ፍሬም ውስጥ ተቀንሰው ነው የተቀመጡት። አሁን ባለው ቲቪ ስትከፍቷቸው ፊልሙ መሃል ላይ ትንሽ መስኮት ሆኖ ይቀራል፤ አራቱም ጎን ጥቁር ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ሌላ ቦታ ስለማይገኝ። እጅግ ብዙ ፊልም ከዲቪዲ ወዲህ ዳግም አልታተመም። መብቱ የተጣላበት፣ ኔጋቲቩ የጠፋበት፣ ገዢ የለውም የተባለ። እንዲህ ያለውን ስታገኙ ሳታመነቱ አንሡት። ከላይ ያልኳቸው በካሴት የተቀረጹ ፊልሞችም ዲቪዲ ላይ ብዙ አያጡም።

የሚያሰጋው ፎርጅዱ ነው። የከልት ፊልም ገበያ ኮፒ የበዛበት ነው። ዲስኩን ገልብጣችሁ ከታች እዩት። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ብርማ ወይም ወርቃማ ነው። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ከሆነ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። አንዳንድ ሕጋዊ አሳታሚም በትእዛዝ እየቀዳ ይሸጣል፤ ይህን በግልጽ ካልጻፈ ግን የታተመውን ዋጋ አትክፈሉት። የተቀዳ ዲስክ ዕድሜው እንደ ታተመው አስተማማኝ አይደለም።

## ብሉሬይ

የቆየ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው ዋናው ሜዳ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2006 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። 1920 በ1080 ፒክስል፣ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት፣ በሁለት 50። ፊልሙን በተፈጥሮ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ፍሬም ያጫውታል። ድምፁም ምንም ሳይጎድልበት ሊቀመጥ ይችላል። የታተመው ፊልም ብዛትም ከፎርኬ ጋር አይወዳደርም።

የብሉሬይ ችግር ማስተሩ የተሠራበት ዘመን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አሳታሚ ለዲቪዲ ብሎ ያዘጋጀውን ማስተር አውጥቶ ብሉሬይ ላይ ጫነው። ጠርዙ በሰው ሠራሽ መንገድ ስል የተደረገ፣ ቅንጣቱ የታጠበ። ስለዚህ ዲስኩ የወጣበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ስካኑ የተደረገበትን ዓመት ፈልጉ። «አዲስ የፎርኬ እድሳት» የሚል ብሉሬይ አለ፤ ስካኑ በፎርኬ ተሠርቶ ዲስኩ ላይ ወደ 1080 የወረደ ማለት ነው። በብዙ ሳሎን ውስጥ በገንዘብ ሲለካ ይህን የሚበልጥ የለም።

ሁለተኛው ችግር የሪጅን ኮድ ነው፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነው ቁልፍ። ኤ የሚባለው ሁለቱን አሜሪካዎች፣ ጃፓንን፣ ኮሪያንና ደቡብ ምሥራቅ እስያን ይይዛል። ቢ አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አውስትራሊያ ናቸው። ሲ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና። የቢ ማጫወቻ በኤ የተቆለፈ ዲስክ ሲሰጡት ይመልሰዋል። ሁሉም ዲስክ ግን አይቆለፍም። ከመክፈላችሁ በፊት ያንኑ እትም ለይታችሁ አጣሩ። ብዙ የምትሰበስቡ ከሆነ ሁሉንም ሪጅን የሚያጫውት ማጫወቻ አንዴ ገዝታችሁ ተገላገሉ። ከፎርኬ በፊት የሚቀድም ወጪ ይሄ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ጭረቱን እዩ። ዲቪዲ ላይ ዳታው ከላዩ 0.6 ሚሜ ወደ ውስጥ ነው፤ ቀለል ያለ ጭረት በማሽን ሊጠፋ ይችላል። ብሉሬይ ላይ ጥልቀቱ 0.1 ሚሜ ብቻ ነው። በጠንካራ ሽፋን ስለተጠበቀ በቀላሉ አይጫርም፤ አንዴ በጥልቅ ከተጫረ ግን ልጠግነው ብትሉ ታበላሹታላችሁ።

## ፎርኬ

በ2016 የመጣው አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ 3840 በ2160 ፒክስል ነው። 66 ወይም 100 ጊጋባይት ያለው ዲስክ የተለመደ ነው። የሪጅን ቁልፍ የለውም፤ ከየትም አገር ብትገዙት ይጫወታል። ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልብ በሉ ግን፦ ሣጥኑ ውስጥ አብሮት የሚመጣው ብሉሬይና የተጨማሪዎቹ ዲስክ ሊቆለፉ ይችላሉ።

ፒክስሉ በዝቷል፤ እናንተ ታዩታላችሁ ወይ? ጤነኛ ዓይን ሊለየው የሚችለውን ይዘን እናስላ። በ55 ኢንች ቲቪ ላይ ከ2.2 ሜትር ገደማ ርቆ ለተቀመጠ ሰው የብሉሬይ ፒክስሎች ራሳቸው ተለይተው አይታዩትም። በ65 ኢንች ርቀቱ 2.6 ሜትር ገደማ ነው። በ43 ኢንች ደግሞ 1.7። ሶፋችሁ ከዚያ ከራቀ የፎርኬ ተጨማሪ ፒክስል ለእናንተ ያን ያህል አይጠቅምም። ሜትር አውጥታችሁ ለኩት፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚታየው ልዩነት ብዙ ጊዜ ኤችዲአሩ ነው። ጨለማና ብርሃን አብረው ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ሳይደፍነው፣ ቀለሙም ሰፍቶ ይወጣል። የሻማ ነበልባል ላይ፣ ሌሊት እርጥብ አስፋልት ላይ በሚያበራ መብራት ላይ ይታወቃል። በቴክኒከለር (በድሮው ደማቅ የቀለም ዘዴ) የተሠሩ ፊልሞችና በቀለም ብርሃን የሚጫወቱ የሰባዎቹ የጣሊያን አስፈሪ ፊልሞች እዚህ በጣም ይጠቀማሉ። ጥቁርና ነጭ ፊልምም በግራጫው ደረጃ ብዛት ያተርፋል። ነገር ግን ቲቪያችሁ ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ኤችዲአር ምስሉን ሊያጨልመው ይችላል። ያኔ ብሉሬዩ የተሻለ ይታያችኋል፤ ይህ የዓይናችሁ ስህተት አይደለም።

ማጫወቻው ሌላው ጥያቄ ነው። የማጫወቻ አምራቹ ኦፖ በ2018 አዲስ ሞዴል ማውጣት አቁሟል፤ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። ዲስክ የሚገባበት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ፎርኬ ያጫውታሉ፤ ከዲስክ ዶልቢ ቪዥን የተባለውን የኤችዲአር ዓይነት ግን አያወጡም። መሠረታዊው ኤችዲአር10 ሁሌም አብሮ ስላለ ምስሉ አይጠፋም። ፕሌይስቴሽን 4 ፎርኬ ዲስክ አያነብም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይገዛል። ሦስት ንብርብር ያላቸው የ100 ጊጋባይት ዲስኮች ከሌሎቹ ይልቅ ስሱ ናቸው። ትንሽ የጣት አሻራ መሃል ላይ ሊያስቆማቸው ይችላል። ፊልሙ ቀጥ ካለ ዲስኩ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት።

## ዲጂታል ግዢ

ይመቻል፤ ቦታም አይፈጅም። የምትገዙት ግን የማየት ፈቃድ ነው። መድረኩ መብቱን ካጣ ፊልሙ ሊነሣ ይችላል፤ እትሙም ሳይነገራችሁ በሌላ ሊተካ ይችላል። ለሰብሳቢ ይህ አይሆንም። ፊልሙ ዲስክ ይገባዋል አይገባውም ብሎ ለመቅመስ ግን ጥሩ ነው።

## ተራው ወይስ ልዩ እትሙ?

ጠንካራ ሣጥን፣ ወፍራም ቡክሌት፣ አዲስ የሽፋን ሥዕል፣ የተወሰነ ቅጂ። ፈተናው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ተራው እትም ይከተላል፤ ዲስኩ ያው፣ ዋጋው የወረደ። ሣጥኑን ትታችሁ የዲስኮቹን ዝርዝር ብቻ አወዳድሩ። ልዩ እትሙ ላይ ብቻ ያለ ሌላ የፊልሙ ቅጂ ወይም የተጨማሪ ዲስክ ካለ ዋጋ አለው። ከሌለ ቆዩ።

ተጨማሪዎቹን ግን አልንቅም። በ1984 ከዲቪዲ በፊት በነበረው ሌዘርዲስክ የወጣው የ«ኪንግ ኮንግ» እትም የባለሙያ ትረካ ከፊልሙ ጋር ይዞ ከመጣ ወዲህ ዲስክ ትምህርት ቤትም ሆኗል። ፊልም መሥራት የሚፈልግ ወጣት በአንድ ጥሩ የዳይሬክተር ትረካ የሚማረው ብዙ ነው። ይህ ስትሪሚንግ ላይ እምብዛም አይገኝም።

## በአጭሩ ሲተያዩ

| | ዲቪዲ | ብሉሬይ | ፎርኬ | ዲጂታል |
|---|---|---|---|---|
| ምስል | 480 ወይም 576 መስመር | 1080 | 2160 ከኤችዲአር ጋር | እንደ መድረኩና ኢንተርኔቱ |
| ድምፅ | ባብዛኛው የተጨመቀ | ሳይጎድል ሊቀመጥ ይችላል | ሳይጎድል ሊቀመጥ ይችላል | ባብዛኛው የተጨመቀ |
| የሪጅን ቁልፍ | ብዙ ጊዜ አለ | አንዳንዱ ላይ | የለም | እንደ አገሩ ፈቃድ |
| የፊልም ምርጫ | በጣም ሰፊ | ሰፊ | ገና እያደገ | ይለዋወጣል |
| ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ዋና ስጋት | ፎርጅድ፣ የተቆረጠ ቅጂ | የድሮ ማስተር | ደካማ ቲቪ፣ ስስ ዲስክ | ሊነሣ መቻሉ |

## ለማን የትኛው?

ገና የምትጀምሩና ገንዘባችሁ የተመጠነ ከሆነ ያገለገለ ብሉሬይ ላይ አተኩሩ። ሰው ወደ ፎርኬ ሲሻገር ብሉሬዩን ይሸጣል፤ ጥሩ ማስተር ያለው ዲስክ በርካሽ የምታገኙት ያኔ ነው። አንድ ፎርኬ ልዩ እትም በሚበላው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ጥሩ ብሉሬይ ይገዛል።

65 ኢንችና ከዚያ በላይ ቲቪ ያላችሁ፣ ቀረብ ብላችሁ የምታዩ ፎርኬ ይክሳችኋል፤ ከ35 ሚሜ ኔጋቲቭ ለመጣና ደጋግማችሁ ለምታዩት ፊልም። ፕሮጀክተር ያላችሁም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ ፕሮጀክተር ላይ ከኤችዲአሩ ይልቅ የፒክስሉ ብዛት ቢሆን የሚጠቅማችሁ።

የከልትና የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ከፎርማት በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ያልተቆረጠ መሆኑንና ሪጅኑን። የተወሰነ ቅጂ ከሆነና ፊልሙ ሌላ ቦታ ከሌለ ግን አትዘግዩ። የመብት ውል ሲያልቅ ዳግም ላይታተም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋ አይቀመስም።

ድምፅ አልባ ፊልም የምትወዱ ብሉሬይ ይበቃችኋል። እናንተ መመርመር ያለባችሁ የትኛው እድሳት እንደሆነ፣ በየትኛው ፍጥነት እንደሚሄድና ሙዚቃው ምን እንደሆነ ነው። አንድ ፊልም በሁለት የተለያየ ሙዚቃ ሁለት የተለያየ ፊልም ይሆናል።

መደርደሪያችሁ በዲቪዲ የተሞላ ከሆነ ሁሉንም ልቀይር አትበሉ። በየዓመቱ የምታዩዋቸውን ለዩና እነሱን ብቻ አሻሽሉ። ዳግም ያልታተሙትን ግን በምንም ዋጋ አትሽጡ።

በየትኛውም መንገድ ብትገዙ፣ ዲስኩ እንደደረሰ ፕላስቲኩን ቅደዱትና እስከ መጨረሻው ደቂቃ አጫውቱት። ንብርብር የሚቀየርበት ቦታ ላይ የሚቆም ዲስክ የሚታወቀው ሲታይ ብቻ ነው። ያኔ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ትቀይሩታላችሁ።